ለወፏ የቀረበ ብርዝ

ተናኘ ለእንግዳ ስኳር በውሃ በጥብጣ የምታቀርብ ሴት አይደለችም። ጥፋቷ ይኸው ነው፤ ሌላ ጥፋት የለባትም። ሌላ የሚል ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል።

ዌስተን የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ ነን፤ እሷ ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ ከበላይዋ። ቤተ ክርስቲያናችንም አንድ ነው። ባሏ ጋሽ ሙሉነህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታክሲ ነድተው፣ አሁን አረፍኩ ባሉ ማግስት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው፣ ንግግር ጠፋ። ከሁሉ የባሰው ግን አፋቸውን ግጥም አድርገው ምግብ እምቢ አሉ። ሐኪሙ ለተናኘ ፊት ለፊት ነገራት፦ ካልበሉ በሆዳቸው በኩል ቱቦ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ እቤት ማስታመም አትችይም፣ ነርሲንግ ሆም፣ መጦሪያ ቤት ነው የሚሄዱት።

"ሙሌን ለሰው እጅ አልሰጥም!" ብላ ሥራዋን ለቀቀች። ማንኪያ ይዛ "በሞቴ፣ አንዴ ብቻ" እያለች ስትለምናቸው ትውላለች። እሳቸው ግድግዳ ያያሉ።

ሃሚንግበርድ የምትባለዋ ወፍ የመጣችው ግንቦት ላይ ነው። ልጃቸው ሃሌሉያ በረንዳው ላይ ቀይ አበባ ሰቅላ ነበር። አውራ ጣት የምታህል አረንጓዴ ወፍ፣ ክንፏ ከፍጥነቱ የተነሳ የማይታይ፣ አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ረጅም መንቆሯን አበባው ውስጥ ሰደደች። ጋሽ ሙሉነህ ዞር አሉ። አፋቸው በመገረም ተከፈተ። ተናኘ ምን ትጠብቃለች? ማንኪያውን ላከችው! ዋጡ። ወፏ ተመላልሳ እስክትጠግብ አጥሚቱ ተጋመሰ። ተናኘ ፎቅ ወጥታ በሬን ስትደበድበው ሰው የሞተ መስሎኝ በባዶ እግሬ ወረድኩ። "በሉ! በሉልኝ!" ትላለች። ተቃቅፈን አለቀስን።

ከዚያ በኋላ ኑሯቸው በወፏ ሆነ። ስትመጣ አፍ ይከፈታል፣ ስትቀር ይዘጋል። እንግዲህ እንዳትቀር ማድረግ ነበር። ሃሌሉያ ቀይ የወፍ መጠጫ ገዝታ ሰቀለች፤ ወፏ የመስኮቱን መስታወት አየር መስሏት እንዳትጋጭ ነጠብጣብ ስቲከር ለጠፈችበት።

"ማሚ፣ አንድ ስኒ ነጭ ስኳር፣ አራት ስኒ ውሃ። ዛትስ ኢት፣ በቃ። በየሁለት ቀኑ በሙቅ ውሃ እጠቢና ቀይሪው፣ ኦኬ?" አለችና ሥራዋ ወዳለበት ወደ ኦታዋ ተመለሰች።

ስኳር በውሃ! ለዚህች እንግዳ! ተናኘ አስባ አስባ አልዋጥ አላት። ከአገር ቤት የተላከላት ነጭ ማር ነበራት፣ ለክፉ ቀን ብላ የደበቀችው። እኛ በእምነታችን ጠጅ አንጠጣም፤ ሠርጋችን ላይ እንኳ እንግዳ የምናከብረው በብርዝ ነው፣ ማሩን በውሃ በጥብጠን። "ባሌን ያበላችልኝን በስኳር አላታልላትም" አለችና ብርዙን ሞላችላት። ማር እያለው ስኳር የሚሰጥ ማን ነው እስቲ?

ወፏም ጠጣች። ሰኔን ሙሉ ጋሽ ሙሉነህ በሉ፤ ጉንጫቸው ሞላ። ሐምሌ ገብቶ ሙቀቱ ሲብስ ግን ብርዙ መጠጫው ውስጥ አረፋ አወጣ። ተናኘ ከላዩ አዲስ ትጨምርበታለች፤ ማር ይበላሻል ብሎ ማን ይጠረጥራል! አንድ ጠዋት ወፏ ምላሷ አብጦ፣ ወደ ውስጥ አልመለስ ብሏት መጣች። ልትጠጣ ሞከረች፣ አቃታት። የበረንዳው ብረት ላይ ላባዋን ነፍታ ተቀመጠች፣ ከዚያ ወደቀች። ጋሽ ሙሉነህ ከአልጋቸው ሆነው ሁሉንም አዩ።

ሃሌሉያ በስልክ ስትሰማ ጮኸች። "ሃኒ? ማር? ማሚ፣ ኖ! ማር ምላሳቸው ላይ ሻጋታ ያበቅላል፣ ይገድላቸዋል! ስኳር ነው እኮ ያልኩሽ!"

"አፈር በበላሁ" አለች ተናኘ።

የጋሽ ሙሉነህ አፍ ተዘጋ። ተናኘ መጠጫውን በሙቅ ውሃ ፈትጋ ስኳሩን ሰቀለች፤ በየሁለት ቀኑ ትቀይራለች፣ የሚመጣ የለም። ቀይ ሻርፕ ሰቀለች፣ አበባ ጨመረች። "ጌታ ሆይ፣ አንዲት ወፍ! ሌላ ምን ጠየቅሁህ?" ስትል ከላይ እሰማታለሁ። እኔም በጌታ ላይ ተናድጃለሁ፣ አልደብቅም።

አንድ ቀን ትዕግስቷ አለቀና ከንፈራቸውን ፈልቅቃ ማንኪያውን አስገባች። ትን አላቸው። ምግቡ ወደ ሳንባቸው ሄደ። አምቡላንስ፣ ሆስፒታል፣ ቱቦ። በአፍ ጠብታ እንዳይገባ ተከለከለ። ከሆስፒታሉም ወደ ቤት አልተመለሱም፤ ወደ ነርሲንግ ሆም ተወሰዱ።

እሷ መጠጫውን መቀየር አልተወችም። "ማን ይጠጣዋል?" ብላት ገላመጠችኝ። መስከረም ሲጠባ፣ ወፎቹ ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ አንዲት መንገደኛ አረፈችበት። ተናኘ በስልኳ ቀረጸቻት። አውቶቡሱን ሮጠን ያዝንና ነርሲንግ ሆሙ ደረስን።

"ሙሌ፣ ሙሌዬ፣ መጣች እኮ!" ብላ ስልኩን ከፊታቸው ያዘችው።

ጋሽ ሙሉነህ አዩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያም ቀስ ብለው አፋቸውን ከፈቱ።

የተናኘ እጅ ወደ ቦርሳዋ ሄደ፤ ማንኪያው ዛሬም እዚያ ነው። ነርሷ በሩ ላይ ቆማ አይቻልም በሚል ራሷን ነቀነቀች። ቪዲዮው አልቆ እንደገና ጀመረ። እሳቸው አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ።