ከ‹ሰ› የጀመረው ፊደል

ባለፈው ሳምንት እዚህ ቶሮንቶ ቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ ቆሜ ባቡር ስጠብቅ ያ ሽታ መጣ። ሰብዌዩ፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ እኛ ሰፈር ሲደርስ ከመሬት በላይ ይወጣል፤ በዊንተር ደግሞ በረዶ የነካው ፍሬን ሲይዝ አንድ ዓይነት ሽታ ይተፋል። የጋለ ብረት፣ የተቃጠለ ጎማ፣ ትንሽ ደግሞ ሳንቲም የላሱ የሚያስመስል ነገር። አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፈነች። እኔ ግን የኔን ገለጥ አድርጌ በረጅሙ ሳብኩት። ለኔ ይሄ የጋሽ ሙሉጌታ ሽታ ነው። ከበራቸው ጀርባ ተሰቅሎ የሚውለው ብርቱካናማ የሥራ ጃኬታቸው ልክ እንዲህ ነበር የሚሸተው።

ጋሽ ሙሉጌታ ክሬሰንት ታውን በሚባለው የፎቅ ቤቶች ሰፈር ከእኛ በር ፊት ለፊት ነበር የሚኖሩት። እናቴ ቅዳሜና እሁድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሺፍት ስለነበራት እኔን እሳቸው ዘንድ አስቀምጣ ትሄዳለች። ከሱዳን ወደዚህ አገር ሲመጡ ያገኙት የመጀመሪያ ሥራ የረጅም መንገድ ባቡሮችን ማጠብ ነበር፤ የመጨረሻውም እሱው ሆነ። ጡረታ ወጥተው እንኳ ጣታቸው ጥፍር ሥር የማይለቅ ጥቁር ነገር ነበረ። ቤታቸው ሶፋው በላስቲክ የተሸፈነ፣ ራዲዮው በጨርቅ የታሰረ፣ ግድግዳው ላይ ዓመቱ ያለፈበት ባለባቡር ካላንደር የተንጠለጠለበት ነው። ካላንደሩን ለምን እንደማይቀይሩት ስጠይቃቸው «ቀኑ አርጅቷል፤ ባቡሩ ግን ገና ነው» ይሉኛል።

ያኔ ዓይናቸው ከመሃሉ እየጠፋ ነበር። ዶክተሩ ለበሽታው ረጅም ስም ሰጥቶታል፤ እሳቸው ግን በራሳቸው አነጋገር ነበር የሚያስረዱኝ። «ዓይኔን የጣልኩበት ነገር ይጠፋል፤ ያልፈለግሁት ደግሞ ዳር ቆሞ ያየኛል።» ስለዚህ አንድ ነገር ለማየት ሲፈልጉ እንደ ዶሮ አንገታቸውን ጠምዘዝ አድርገው በዓይናቸው ጥግ ይሰርቁታል። እኔን ሲያዩኝ ሁልጊዜ ግድግዳውን የሚያዩ ይመስላሉ። ሕፃን ሆኜ በዚህ እስቅ ነበር፤ እሳቸውም ይስቁ ነበር።

ፊደል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ትምህርት ቤታችን ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር። ማድረቂያዎቹ ሲጮሁ ክፍሉ ይሞቃል፣ ውጭው በረዶ ስለሆነ መስኮቱ በላብ ይሸፈናል፤ እሳቸው በጣታቸው ይጽፋሉ፣ እኔ ከሥሩ እደግማለሁ። ነገር ግን ከ‹ሀ› አልጀመሩም። የጀመርነው ከ‹ሰ› ነው። ከዚያ ‹ና›፣ ቀጥሎ ‹ይ›፣ መጨረሻ ላይ ‹ት›። እነዚህን አራት ፊደላት ብቻ ስንት ቅርጫት ልብስ እስኪደርቅ ጻፍናቸው።

እናቴ አንድ ቀን ልትወስደኝ መጥታ መስኮቱን አየችና «ጋሽ ሙሉጌታ፣ ፊደል ከ‹ሰ› የሚጀምረው የት አገር ነው?» አለቻቸው።

«እኔ አገር ነው። አልማዝ፣ አንቺ ልብስሽን እጠፊ። እነዚህን ትያዝልኝና ከዚያ ከ‹ሀ› እንነሳለን።»

ሌላም ጨዋታ ነበረን። በፒዛ ካርቶን ላይ አራቱን ፊደላት በወፍራም ማርከር ይጽፉና ከበሩ ውጭ ይቆማሉ። በሩን ጣት የምታሾልክ ያህል ገርበብ ያደርጉታል። እኔ ከውስጥ በስንጥቋ እያየሁ እሳቸው ካርቶኑን ሽው አድርገው ያሳልፉታል። «ምን አየሽ፣ ሶሊ?» «‹ይ› አየሁ።» «ከሱ በፊትስ?» «አመለጠኝ።» «እንደገና።» ኮሪደሩ ላይ የሚያልፍ ጎረቤት እኚህ ሽማግሌ በፒዛ ካርቶን ምን እያደረጉ ነው ብሎ ይገረም ነበር። እኔማ ምን ልበላችሁ፣ ከዚያ የሚበልጥ ጨዋታ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጨዋታ አለመሆኑን ያወቅሁት ሮን ስልክ የደወለ ቀን ነው። ሮን ጡረታ የወጣ የስትሪትካር፣ የከተማው መንገድ ላይ ባቡር፣ ሾፌር ነው፤ ሊንዳ ደግሞ የሮን ጓደኛ። ሁለቱም በዊንተር ሳይቀር ቅዳሜና እሁድ የሐዲድ አጥር ሥር ቆመው ባቡር ሲያልፍ በማየት የሚደሰቱ ሰዎች ናቸው። ጋሽ ሙሉጌታን ‹ሙሉ› ነው የሚሏቸው፤ አብረው ባቡር ማየት ከጀመሩ ብዙ ዘመናቸው ነው። የዚያን ቀን ሮን በስልክ ያለውን ጋሽ ሙሉጌታ ቆመው ሰሙት። ከዚያ ላስቲክ የለበሰው ሶፋ ላይ ቁጭ አሉና ነገሩኝ።

ሰናይት የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። ሱዳን ስደተኞች ካምፕ ውስጥ በወባ ሞተች። ገና የወተት ጥርሷ አልተነቀለም ነበር። የተቀበረችበትን ቦታ ጎርፍ ወስዶታል፤ ፎቶ አልነበራትም፤ ስሟን የያዘ ወረቀትም የለም። ቶሮንቶ መጥተው ሥራ በጀመሩበት ዊንተር፣ ባቡር የሚጎትት ሎኮሞቲቭ የደረጃው ጠርዝ የሚቀባበት ቢጫ ቀለም በእጃቸው ነበረ። አንዱ ሎኮሞቲቭ ሥር ገብተው፣ ከሾፌሩ ደረጃ ኋላ፣ ማንም ጎንበስ ብሎ በማያይበት ብረት ላይ ስሟን ጻፉ። ያ ሎኮሞቲቭ ሊታጠብ በገባ ቁጥር መጀመሪያ እሷን ይወለውላሉ፣ ቀለሟ ሲደበዝዝ ያድሷታል። ጡረታ ሲወጡ ሎኮሞቲቩ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። አሁን ደግሞ ሊሰባበርና ሊቀልጥ እየተጎተተ በእኛ በኩል ያልፋል። መምጣቱን ቀድመው ሰምተው ነው እኔን ያስጠኑኝ፤ ሮን በስልክ የነገራቸው ቀኑን ነው።

«ሮንም ሊንዳም ካሜራ አላቸው፣ ዓይናቸውም ደህና ነው» አሉኝ። «ፊደሉን ግን አያውቁትም። እዚያ ጭቃ ውስጥ ሰናይት ትኑር አትኑር የምታውቂልኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ቅዳሜ ጠዋት በሮን አሮጌ ቫን ከከተማው በስተምሥራቅ ወጣን። ሁለት ሐዲድ ጎን ለጎን የሚሄድበት ሜዳ አለ፤ በወዲህ የሽቦ አጥር፣ ራቅ ብሎ ድልድይ። ሮን የባቡር ሾፌሮች የሚነጋገሩበትን ሬዲዮ የሚጠልፍ ትንሽ መሣሪያ ደረቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያንሾካሹክ ይውላል። ሊንዳ በፔርሙስ የቲማቲም ሾርባ ይዛለች። ብርዱ አፍንጫዬ ውስጥ ያለውን ጸጉር ሳይቀር አደረቀው። የመንገደኛ ባቡር አለፈ፣ የጭነትም አለፈ፤ የኛ ግን የለም።

«ሙሉ፣ ዛሬ ካልመጣ እኔን ታጥበኛለህ» አለ ሮን።

ጋሽ ሙሉጌታ ፊታቸውን ከሐዲዱ ሳያነሱ «አንተን በአንድ ሺፍት አልጨርስህም» አሉት።

ከሰዓት በኋላ ሬዲዮው ሐዲድ መቀየሪያው በበረዶ ስለተያዘ ባቡሩ ለነገ መተላለፉን ተናገረ። ጋሽ ሙሉጌታ ግን አልሄድም አሉ። አጥሩን ይዘው ቆሙ። ጓንታቸው ሽቦው ላይ ተጣብቆ ሮን ነው ቀስ ብሎ ያላቀቀው።

እሁድ ጠዋት እናቴ በሩ ላይ አስቆመቻቸው። «ዛሬ ቅዳሴ የለም እንዴ ጋሽ ሙሉጌታ? ልጅቷስ ብትታመም?» ቅዳሴ ቀርተው አያውቁም ነበር። «አልማዝ፣ እግዜር ዛሬ የት እንደምውል ያውቃል። አንቺ ልጅሽን አንድ ቀን ጨምሪልኝ» አሏት። እናቴ ካልሲ በካልሲ ላይ ደራረበችልኝ።

ሜዳው ላይ ደርሰን ክርክር ተነሳ። ሊንዳ ድልድዩ ላይ እንውጣ አለች፤ ባቡር የሚያዩ ሰዎች ትልቁ ፍርሃታቸው የሚጠብቁት ሲመጣ በሚቀርባቸው ሐዲድ ላይ ሌላ ባቡር መጥቶ መጋረዱ ነው፤ ድልድይ ላይ ደግሞ የሚጋርድ የለም። ሮን ግን ከላይ ሆኖ ጣሪያ እንጂ ሥሩ አይታይም አለ። ሁለቱም ወደ ጋሽ ሙሉጌታ ዞሩ። «ታች» አሉ እሳቸው። ሊንዳ ለማንኛውም ብላ ካሜራዋን ይዛ ብቻዋን ወጣች።

ቀትር ላይ ሬዲዮው ተንሾካሾከ፤ ሮንም አውራ ጣቱን ከፍ አደረገ። በሩቁ ሐዲድ ላይ መብራት ታየ። ከፊት የሚጎትተው አዲስ ነው፤ ከኋላው ቀለሙ የገረጣ፣ ሞተሩ የጠፋ፣ መስኮቱ በጣውላ የተመታ አንድ ሎኮሞቲቭ እንደ እስረኛ እየተጎተተ ይመጣል። ጋሽ ሙሉጌታ ትከሻዬን ያዙ። «ከደረጃው ኋላ» አሉኝ፤ «ከደረጃው ኋላ፣ ዝቅ ብሎ።»

በዚያች ቅጽበት ከወዲያኛው አቅጣጫ ሌላ ጥሩንባ ጮኸ። ሮን ልጅ ፊት የማይባል ቃል ተናገረ። የጭነት ባቡር ለእኛ በሚቀርበው ሐዲድ፣ ልክ ከፊታችን፣ በረዶውን እንደ ዱቄት እያበነነ ገባ። ከዚያ ፉርጎ፣ ፉርጎ፣ ፉርጎ። መሬቱ እግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። አሮጌው ሎኮሞቲቭ ከፉርጎዎቹ ግድግዳ ወዲያ እያለፈ ነበር።

በረዶው ላይ በሆዴ ተኛሁ። በፉርጎዎቹ መካከል ባለው ክፍተት፣ ልክ እንደዚያ ገርበብ እንዳለው በር፣ ወዲያውን ለማየት ሞከርኩ። ጥቁር። መንኮራኩር። በረዶ። ጥቁር። እሳቸው በላዬ ጎንበስ ብለው «ምን አየሽ? ሶሊ፣ ምን አየሽ?» ይላሉ። በአንዱ ክፍተት ቢጫ ነገር ብልጭ አለ። «ቢጫ» አልኩ። «ፊደል ነው?» ቀጣዩ ክፍተት ላይ መንኮራኩር ብቻ። የሚቀጥለው ላይ ሰማይ። ከዚያ በላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ሙሉጌታ አጥሩን በሁለት እጃቸው ይዘው «ሰናይት» ብለው እየተጣሩ ነበር፤ ልጅ ከጎረቤት ቤት ለራት እንደሚጠራ። ብረቱ ድምፃቸውን ይፈጨዋል፣ እሳቸው ደግመው ይጣራሉ።

የመጨረሻው ፉርጎ ሲያልፍ ሩቁ ሐዲድ ባዶ ነበር።

«አነበብሻት?» አሉኝ።

«ቢጫ አየሁ ጋሽ ሙሉጌታ። ፊደል ይሁን የደረጃው ጠርዝ ግን አላወቅሁም።»

አልተቆጡም። ኮፍያዬን ጆሮዬ ላይ ሳብ አድርገው አለበሱኝ፤ ያ ነው ያስለቀሰኝ።

ሊንዳ ከድልድዩ እንደወረደች ሮን «እንድረስበት» ብሎ ሁላችንንም ቫኑ ውስጥ ከተተን። በረዶው ላይ እየተንሸራተትን ወደሚቀጥለው የሐዲድ ማቋረጫ በረርን። ስንደርስ የማቋረጫው መዝጊያ እንጨት ወርዶ፣ ከፊታችን መኪኖች ተሰልፈው፣ ከጣሪያቸው በላይ የሎኮሞቲቩ ጣሪያ ብቻ በረዶ ተሸክሞ ሲያልፍ አየን። የሊንዳ ካሜራ ውስጥም ያለው እሱው ነበር። ሮን ዳር ይዞ ሞተሩን አጠፋው።

ጋሽ ሙሉጌታ ከፊት ወንበር ላይ ነበሩ። በአማርኛ፣ ለእኔም ለማንም ሳይሆን፣ «በቃ። ከእንግዲህ የትም አልተጻፈችም» አሉ።

የአራታችን ትንፋሽ መስኮቶቹን ሁሉ በላብ ሸፍኗቸው ነበር። ከኋላ ተነስቼ በትከሻቸው በኩል እጄን ዘረጋሁና በእሳቸው በኩል ባለው መስኮት ላይ በጣቴ ጻፍኩ። ‹ሰ›። ‹ና›። ‹ይ›። ‹ት›። ትልቅ አድርጌ፣ መስኮቱን እስኪሞላው። እሳቸው አንገታቸውን እንደ ዶሮ ጠምዘዝ አድርገው በዓይናቸው ጥግ አዩት። ጓንታቸውን አውልቀው በየፊደሉ ላይ ጣታቸውን አስኬዱ።

«‹ይ›ዋ ትንሽ ጎበጠች» አሉ።

«ብርዱ ነው» አልኳቸው።

«ትሁን። ሰናይትም ስትስቅ ትጎብጥ ነበር።»

ሮን መኪናውን አስነስቶ እጁን ወደ ማሞቂያው ሰደደ። ማሞቂያው ቢከፈት መስታወቱ ሁሉ ይደርቃል። ምን እንደተጻፈ አያውቅም፤ የጋሽ ሙሉጌታን ፊት ግን አየና እጁን መለሰ። እስከ ክሬሰንት ታውን ድረስ የፊቱን መስታወት በጓንቱ እየጠረገ ነዳ። ሊንዳ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ብርድ ልብሷን ግማሽ ለእኔ ሰጠችኝ። ማንም ማሞቂያ ይከፈት አላለም።

ቃላቸውን ጠብቀው በሚቀጥለው ሳምንት ከ‹ሀ› ተነሳን። ዓይናቸው ሙሉ በሙሉ ከመጥፋቱ በፊት እስከ ‹ፐ› ደርሰናል። ከዚያ በኋላ እኔ ነበርኩ የማነብላቸው። ከሞቱ ወዲህ ብርቱካናማው ጃኬት እኛ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ እናቴ ልታጥበው ብላ ይኸው እስከዛሬ አላጠበችውም። ‹ይ› ስጽፍ አሁንም ትጎብጥብኛለች። አላቃናትም።

ባለፈው ሳምንት ያ ሽታ ሲመጣ ባቡሩ ቆመ፣ ገባሁ፣ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ሰው ስለሞላ መስታወቱ በላብ ተሸፍኗል። በጣቴ አራቱን ፊደላት ጻፍኩ። አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ስም ነው አልኩት። ብሉር ጣቢያ ላይ ስወርድ በሩ ከኋላዬ ተዘጋ፤ ባቡሩም ሰናይትን ይዞ ወደ ምዕራብ ሄደ።