ግራ እጅ ወደ ላይ

ታላቅ ወንድሜ ሁለት እግሩን ኦጋዴን ጥሎ ከተመለሰ በኋላ፣ ከጎባ ሮቤ በሚደረገው የአብዮት በዓል ሩጫ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር «በፈቃዱ» እንዲወዳደር ታዘዘ።

ሮቤ መግቢያ ላይ፣ ከመንገዱ በስተቀኝ፣ የባለሥልጣናት መድረክ ተሠርቷል። በዚያ የሚያልፍ ሁሉ ግራ እጁን ጨብጦ ማንሳት አለበት። ሯጮቹ እያነሱ አለፉ። ቀጥሎ ወንድሜ መጣ። መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ ወንበሩ ፍሬን ስለሌለው ሁለቱን ጎማ በመዳፎቹ አፍኖ ነው የሚወርደው።

«ያ ረቢ፣ እጁን አታስነሳው» አለች አጠገቤ የቆመችው እናቴ።

መድረኩ ላይ የቆመው ካድሬ ድምፅ ማጉያውን አነሳ። «ጓድ፣ ግራ እጅ።»

ወንድሜ ጎማዎቹን አልለቀቀም።

«ግራ እጅ ብያለሁ!»

እምቢ ያለ ሰው የት እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን።

አነሳ። በቀኝ እጁ ብቻ የተያዘው ወንበር ወደ ቀኝ ታጥፎ መድረኩ ሥር ተሰነቀረ።

ካድሬው ወርዶ አፈጠጠበት። «ለምን ወደ ቀኝ ዞርክ?» በዚያ ዘመን ቀኝ ማለት ፀረ አብዮት ማለት ነበር።

ወንድሜ አስፋልቱ ላይ እንደወደቀ ግራ እጁን አላወረደም።

«ግራዬን ስላስነሱኝ ነዋ፣ ጓድ» አለው። «አሁን ላውርደው?»