በሩን የተሸከመው ሰውዬ

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው ተራኪውን ሳላይ ነበር። የእኛ ቤትና የጎረቤታችን የኦቦ ጉተማ ቤት ድሮ አንድ ቤት ነበሩ። ቅድመ አያቴ አምቦ ሲገቡ የሠሩትን ሰፊ የጭቃ ቤት አያቴ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለኦቦ ጉተማ አባት ሸጡና መሃል ላይ ግድግዳ ቆመ። ግድግዳው ግን ጣራውን አይነካም። ለምን እንደዚያ እንደቀረ የሚያውቅ የለም፤ እናቴ ጭቃው አልቆባቸው ይሆናል እያለች ትስቅ ነበር። ከግድግዳው አናት እስከ ቆርቆሮው ባለው ክፍት ቦታ የቁሌቱ ሽታ፣ የሬዲዮው ወሬ፣ የሰው ሳልና የከሰሉ ጭስ እንደልቡ ይመላለሳል። እነሱ ምን እንደበሉ እኛ እናውቃለን፣ እኛ በምን እንደተጣላን እነሱ ያውቃሉ።

ያኔ አሮጌውን ሰፈራችንን ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። ከሁሉቃ ወንዝ ወዲህ ያለ፣ ድሮ ነጋዴ የሞላበት፣ ሰገነታቸው የዘመመ የእንጨት ቤቶች የተደረደሩበት ሰፈር ነው። ክረምት ሲመጣ የቦዩ ውሃ ደጃችን ድረስ ይገባል፤ አስተማሪው አባቴ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ወደ ሥራ ይሄዳል። ለቀበሌ ይነገራል፣ ቀበሌ ለበላይ እናሳውቃለን ይላል፣ ከዚያ ዝም ነው። እኛ ልጆቹ ግን ከዚያ የተሻለ ሰፈር መኖሩን የነገረን ስላልነበረ ደስተኞች ነበርን።

የከተማው ነገር ግን ልብ አያሳርፍም ነበር። ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሱቆች ጠዋት ተከፍተው ረፋዱ ላይ ክርችም ይላሉ። ትልልቆቹ ሲያወሩ ቆይተው እኛ ስንገባ ዝም ይላሉ። ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ በር ይቀረቀራል፣ መብራቱም ወይ ይጠፋል ወይ ራሳችን እናጠፋዋለን። ያኔ ግድግዳው ሥር ከተዘረጋው ፍራሼ ላይ በጀርባዬ ተኝቼ ወደ ላይ አያለሁ። ከማዶ ያለው የኦቦ ጉተማ የከሰል ፍም ቆርቆሮው ላይ ቀላ ብሎ ይታየኛል፤ ጥላም ይመላለስበታል፣ አንዳንዴ ጆሮ ያለው፣ አንዳንዴ ክንፍ ያለው። ቀጥሎ ድምፃቸው ይመጣል።

የሚነግሩት ለእኔ አልነበረም። ጫልቱ የምትባል፣ እሳቸው ጋ የምታድግ የልጅ ልጅ ነበረቻቸው፤ ተረቱ የእሷ ነው። በኦሮምኛ ይጀምራሉ፣ ነገሩ ሲጥማቸው ወደ አማርኛ ይገባሉ፣ ተመልሰው ይወጣሉ፤ እኔም በሁለቱም ስላደግሁ አንደኛው የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ አላስተውልም። ጫልቱ ግን እንቅልፋም ነበረች። «እሺ» ማለቷን ስታቆም እሳቸውም ዝም ይላሉ። ያን ጊዜ ወደ ግድግዳው ጠጋ እላለሁ። ትንሽ ቆይተው ዝግ ባለ ድምፅ፣ ወደ ግድግዳው ዞረው፣ «ጂርታ?» ይላሉ፤ አለሽ ወይ ማለታቸው ነው። አፍ አውጥቼ እንዳልመልስ እናቴ ትሰማኛለች። ስለዚህ ግድግዳውን በመዳፌ መታ መታ አደርጋለሁ፣ እሳቸውም ይቀጥላሉ።

ተረቱ አንድ ነበር፣ ማለቂያ የሌለው። ሰውዬው የካቺሲ ሰው ነው። ቤቱ ተቃጥሎበት በሩ ብቻ ተረፈው፤ እሱም በሩን በጀርባው አዝሎ የሚተክልበት ቦታ ፍለጋ ወጣ። በደረሰበት ሁሉ ሰው በደንብ ይቀበለዋል፣ ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ ቦታው ግን ትንሽ ራቅ ብሎ ነው ይለዋል። ጊንጪ ሲደርስ ገበያተኛው በሩን ጠረጴዛ አድርጎ ሽንኩርት ደረደረበት። ጭልሞ ጫካ ውስጥ ጉሬዛዎች ተቀመጡበትና አንወርድም አሉ። ወንጪ ሐይቅ ላይ በሩን አንሳፎ ተሻገረበት። ሲመሽ በሩን ዛፍ ላይ ያስደግፍና ከኋላው ይተኛል፣ ጅብም ይመጣል። ከሁሉ የምወደው ይህን ነበር። ጅቡ በር ካለ ቤት አለ ብሎ ያንኳኳል። ሰውዬው ከበስተኋላ ሆኖ «ማነው?» ይላል። ጅብ ስሙን መናገር ያፍርና ጭራውን ሸጉጦ ይመለሳል። እኔም አፌን በብርድ ልብስ አፍኜ እስቃለሁ።

ተረቱን የሚያቋርጠው የኦቦ ጉተማ በር ብቻ ነበር። ከወፍራም ሳንቃ የተሠራ፣ ማጠፊያው የሚያቃስት አሮጌ በር ነው። ኮሌጅ የሚማር ለሚ የሚባል የመጨረሻ ልጅ ነበራቸው፤ እሱ አምሽቶ መጥቶ ሲያንኳኳ ሰውዬው ሐይቁ መሃል ላይ ቢሆን እንኳ እዚያው ይቀራል። ውሃ ሲቀዳ፣ ሳህን ሲቀመጥ ይሰማል፤ ፍሙ ይዳፈናል፣ ቆርቆሮው ይጠቁራል። ለሚን አልወደውም ነበር። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ከረሜላ ይሰጠኛል፣ እኔም ከረሜላውን እየመጠጥኩ አልወደውም ነበር።

አንድ ሰሞን ለሚ መምጣቱን ተወ። ሰውዬው ሄደ፣ ሄደ፣ ማንም አላስቆመውም። እንደዚያ ሰሞን በሕይወቴ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ፣ ሰውዬው ጉደር መድረሱንና ተረቱም ሰሞኑን አንድም ጊዜ እንዳልተቋረጠ ለእናቴ በደስታ አወራኋት። እናቴ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ልጁ እኮ ወጥቶ አልተመለሰም» አለችኝ። «በሩን እየጠበቁ ነው እንጂ ተረት እያወሩ መሰለሽ?»

የያዝኩትን ዳቦ መለስኩት። እኔ የተደሰትኩባቸው ምሽቶች በሙሉ የእሳቸው የጭንቅ ምሽቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ተረቱን መስማት አቃተኝ፤ ጆሮዬ ሰውዬውን ትቶ ደጁን ያዳምጣል። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር እንቀሳቀሳለሁ፣ ኮቴው ሲያልፍ መልሼ እተኛለሁ። «ጂርታ?» ሲሉኝ ግን አንድ ቀንም አልቀረሁም። ብቻቸውን እንዳይሆኑ እንቅልፍ እያዳፋኝም ግድግዳውን እመታለሁ። ስለ ለሚ አንዱ ድንበር ተሻግሯል ይላል፣ አንዱ ታስሯል ይላል፣ ሌላው አዲስ አበባ አየሁት ይላል። ኦቦ ጉተማም የተባሉበት ሁሉ እየሄዱ፣ ጫማቸው አቧራ ለብሶ ይመለሱ ነበር።

የሚፈርስ ቤት ላይ የሚቀባው ቀይ ቀለም ሰፈራችን የመጣው እኔ ስድስተኛ ክፍል ስገባ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ማንም ያላየው ሰፈር በአንዴ ተመልካች በዛበት። ስብሰባ ተጠራ፣ መልሶ ማልማት ምን እንደሆነ ተነገረ፤ ሰፊ መንገድ፣ የተሸፈነ ቦይ፣ የመንገድ መብራት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቦይ ሲመኝ የኖረ ሰው ስለሆነ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። ከዚያ ሜትር የያዙ ሰዎች መጡና ለኩ፤ የመንገዱ መስመርም ሄዶ ሄዶ ያረፈው ልክ ግድግዳችን ላይ ሆነ። የእኛ ግማሽ ይነሳል፣ ምትክ ቦታ ወደ ጉደር መውጫ ተሰጥቶናል። የኦቦ ጉተማ ግማሽ ለጊዜው ይቆያል።

የሚለካው ወጣት መሐንዲስ ክፉ ሰው አልነበረም። የጭቃ ቤት መሆኑን፣ ዶዘሩ ይሄኛውን ሲነካ ያኛውም እንደማይቆም፣ ስለዚህ ኦቦ ጉተማም ምትክ ቦታ ጠይቀው ቢነሱ እንደሚሻል በትሕትና አስረዳቸው። ጎረቤቱም ይህንኑ መከራቸው። እሳቸው እስከ መጨረሻው በአክብሮት አዳመጡ።

«እሺ ልጄ» አሉት። «ለሚ ሲመጣ ታዲያ የትኛውን በር ያንኳኳ?»

መሐንዲሱ ሜትሩን መጠቅለል ጀመረ። አባቴም ወደ ቤት ገባ።

አባቴ በእጅ ሥራ የሚታማ ሰው አልነበረም፤ የጠገነው ወንበር ሁሉ የተቀመጠበትን ጥሏል። ያን ዕለት ማታ ግን ቤቱን ዶዘሩ ሳይመጣ በእጃችን እናፈርሰዋለን፣ ግድግዳው አይነካም አለ። እናቴ መሣሪያ በአንድ ጠዋት የሚጨርሰውን ሥራ አንተ እስክታበቃ ልጆችህ ይዳራሉ አለችው። እሱ ፈቃድ ወስዶ ጣራ ላይ ወጣ። ሚስማር ይነቅላል፣ ጣቱን ይመታል፣ እንደገና ይነቅላል። ከባዱ የጣራው እንጨት ነበር፤ ሁለቱን ቤት አልፎ የተዘረጋ ስለሆነ እያንዳንዱን ከግድግዳው ራስ ላይ በመጋዝ መቁረጥ ያስፈልጋል። መጋዙ ሲሄድ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ጭዱ ይረግፋል። ከማዶ ኦቦ ጉተማ በሁለት እጃቸው ደግፈው ቆመዋል፣ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። እኔም በወዲህ በኩል ሁለት መዳፌን አሳረፍኩ። ልናቆመው የምንችል ይመስል ሁለታችንም ስንገፋ ዋልን። ግድግዳው ቆመ።

አባቴ ግድግዳውን ዝናብ እንዳይመታው ብሎ ለአዲሱ ኩሽና ያሰብነውን ቆርቆሮ ሊመታበት ሲነሳ እናቴ አኮረፈች። ኩርፊያዋ ሲወጣላት ሚስማሩን ያቀበለችው እሷው ነች። ቆርቆሮው እስኪመታ ድረስ ግን የቤታችን ውስጥ ለመንገደኛ ሁሉ እንደ እህል ተሰጥቶ ዋለ። ሰማያዊው ቀለም፣ የቀን መቁጠሪያው ይሰቀልበት የነበረው ሚስማር፣ ከፍራሼ በላይ በመዳፌ ብዛት የጠቆረው ቦታ። ሰው ቆም ብሎ ሲያየው እፍረት ይሰማኝ ነበር።

በመጨረሻው ምሽት ዕቃችን ተጠቅልሎ፣ ጣራ በሌለው ቤታችን ወለል ላይ ተቀምጠን ሳለ ኦቦ ጉተማ ፍሙን ከነማንደጃው ይዘው ዞረው መጡ። ሲተርኩ ፊት ለፊት ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ለካ የሚተርኩት በእጃቸውም ነበር። ጅቡ ሲመጣ ጣታቸው ጆሮ ይሆናል፣ ሐይቁ ላይ ሲደርሱ መዳፋቸው ይንሳፈፋል። ስንት ዓመት ቆርቆሮው ላይ ያየሁት ጥላ እጃቸው ነበር። እንዳይነጋብን ፈራሁና፣ አባባ፣ ሰውዬው በሩን የት ተከለው ብዬ ጠየቅኋቸው። ፍሙን በመቆስቆሻው አገላበጡት።

«ለሚ ሲመጣ እነግርሻለሁ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

አዲሱ ቤታችን የብሎኬት ነው፣ ግድግዳው ጣራውን ይነካል። ውሃ አይገባም፣ ድምፅም አይገባም። እንቅልፍ አልወስደኝ አለ። አልጋዬን ከዚህ ጥግ ወደዚያ ጥግ እያዞርኩ እናቴን አሰልችቻታለሁ፤ እስከዛሬም አንድ ቦታ ረግቼ መቀመጥ አልሆነልኝም። አሮጌው ሰፈር ደግሞ ሌላ ሆነ። ሰገነታቸው የዘመመው ቤቶች ግማሾቹ ፈርሰው መስታወት የለበሰ ፎቅ ተተካ፤ የተረፉትም ቫርኒሽ ተቀብተው፣ የድሮ ነዋሪዎቻቸው ሻይ ለመጠጣት የማይደፍሯቸው ካፌዎች ሆኑ። እኔ ራሴ እዚያው መንገድ ዳር ባለ ፋርማሲ እሠራለሁ። አልዋሽም፣ መብራቱን እወደዋለሁ፤ በክረምት ጫማዬን ሳላወልቅ ሥራ ገብቼ እወጣለሁ። ያም ሆኖ ሲመሽ በዚያ በኩል ሳልፍ እግሬ ይፈጥናል።

በቅርቡ የመንገድ ኮሪደሩ ሲሰፋ የኦቦ ጉተማም ተራ ደረሰ። አርጅተው ነበርና አልተከራከሩም። የባህል ምግብ ቤት የሚከፍት አንድ ሰው በሩን ለመግቢያው ጌጥ እንዲሸጡለት ተመላልሶ ለመናቸው፣ እሳቸው እምቢ አሉ። ማጠፊያውን አስነቅለው ጋሪ ላይ አስጫኑት፤ ከባለጋሪው ጎን መቀመጡን ትተው እጃቸውን በሩ ላይ አሳርፈው ከኋላ ከኋላ በእግራቸው ተከተሉ። እኔ ከፋርማሲው በር ላይ ቆሜ አየኋቸው፤ እንባዬ መጣ። የተሰጣቸው ምትክ ቦታ ሲደርሱ ግንበኛው በሩ አልገባ ብሎት ሲያጉረመርም ነበር አሉ፤ የጀመረውን ግድግዳ አፍርሶ ቤቱን በበሩ ልክ አደረገው።

ሰውዬው እንግዲህ ደረሰ ማለት ነው ብዬ አንድ ቀን ቀለድኩባቸው። ሳቁ። «አስደግፎት ነው እንጂ መቼ ተከለው» አሉኝ።

ከዚህ ሁሉ የማይወጣልኝ ግን አዲሱ ቤታቸው መጀመሪያ ልጠይቃቸው የሄድኩ ዕለት የሆነው ነው። ብርቱካን ይዤ በሩ ጋ ደረስኩና እጄ በራሱ ጊዜ አንኳኳ። ልጅ እያለሁ ቀን ቀን ሁሌ ክፍት ስለማገኘው ያን በር አንኳኩቼው አላውቅም ነበር። ከውስጥ ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ። ምርኩዝ ወደቀ። እግራቸው እየተንሸራተተ ሲሮጥ፣ መቀርቀሪያው አልከፈት ሲል ሰማሁ። በሩ ተከፈተ፤ እኔ መሆኔን ሳያውቁ በፊት የነበረውን ፊታቸውን አየሁት። ከዚያ አወቁኝ። «አንቺ ነሽ እንዴ፣ ግቢ እንጂ» ብለው ፈገግ አሉ፣ ጫልቱንም ወንበር አንሺላት አሏት።

ከነዚያ ምሽቶች ምን ቀረልሽ ብባል፣ ተረቱ አላለቀም፣ ግድግዳው የለም፣ የቤታችን ቦታም የትኛው የእግረኛ መንገድ ጡብ ሥር እንዳለ መለየት አልችልም። የቀረልኝ አንድ ልማድ ነው። ወደ ኦቦ ጉተማ ቤት ስሄድ ገና ከመታጠፊያው ጀምሬ፣ «አባባ፣ እኔ ነኝ፣ አስቴር ነኝ» እያልኩ ጮክ ብዬ እገባለሁ። የመንደሩ ልጆች ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። ማንኳኳቱን ለባለቤቱ ለለሚ ትቼለታለሁ።