ቤት ለማፍረስ የተጠራ ደቦ

ጆቴ የሲሬ ወጣቶች የደቦ አለቃ የሆነው ገና ጢሙ ሳያቀመቅም ነው። ሹመቱ ከጃንሆይ ግቢ አይመጣም፤ ካባም የለውም። ደቦን በቅጡ ማስረዳት ግን ያስፈልጋል፤ ነገሩ ደስ የሚል ነውና።

ሥራ ከአቅሙ በላይ የሆነበት ሰው ጎረቤቱን ይጠራል፤ የተጠራ አይቀርም። ጠሪው ያበላል፣ ያጠጣል። ከሁሉ የሚያምረው ግን አንድ ደንብ ነው፦ በሲሬ የመጀመሪያውን ምት የሚመታው የሥራው ባለቤት ነው። እሱ መጥረቢያ ሳያነሳ ማንም አያነሳም።

ባላምባራስ ሞረዳ ይህን ደንብ ረስቶት ነበር። እንዴት አይረሳ? እርሻው ሲቆፈር ሁልጊዜ አንድ ጭሰኛ በእሱ ፋንታ ይጀምራል፤ እሱ ዋርካ ሥር ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል።

በዚያ ኅዳር የሲሬ ጥጆች እየተንዘፈዘፉ አለቁ። ጆቴም ለሠርጉ ያሳደጋት ጊደር ሞተችበት። ሞረዳ ጠጅ ቤት ገብቶ፣ «ጉራጌው ምንጩን መርዞታል!» አለ። ጉራጌው ሸዋርጋ ነው፤ አውቶቡስ ማቆሚያው ጥግ ጨውና አቡጀዲ ይሸጣል፤ ሞረዳ ያንን ቦታ ከተመኘው ቆይቷል። የሚገርመው መዋሸቱ አይደለም፤ ውሸቱ ሰነፍ መሆኑ እንጂ። ሸዋርጋ ራሱ ከዚያው ምንጭ ይጠጣል! ይህን ለማሰብ አንድ ብርሌ ጠጅ የሚያልቅበት ጊዜ ይበቃ ነበር። ግን ማን ያስብ? ጆቴም አላሰበም። ጊደሩ ሞታለች፤ የሚጠላው ሰው ፈልጓል፤ ሞረዳ ሰጠው።

ቅዳሜ ጠዋት ሞረዳ የጠራው ደቦ የሸዋርጋ ሱቅ ፊት ተሰበሰበ። ሞረዳ በበቅሎው ላይ ሆኖ፣ ጥላውን ዘርግቶ ደረሰ።

«ኢጆሌ! ልጆቼ!» አለ፣ አባት ለመምሰል እየጣረ። «ከብታችንን የፈጀው እዚህ አለ። አፍርሱ! አቃጥሉ!»

ከተዘጋው በር ጀርባ የሸዋርጋ ሚስት ዘርፈሽ ስታለቅስ ይሰማል። ጆቴ መጥረቢያውን አነሳ። እጁ ግን አየር ላይ ቀረ። ርኅራኄ አልነበረም፤ ልማድ ነው። ዞር ሲል ጓደኞቹም ቆመዋል፤ ሁሉም በቅሎዋን ያያሉ።

«ምን ትጠብቃለህ፣ አንተ ጆቴ?» አለ ሞረዳ።

«እርስዎን።»

«እኔን?»

«ደቦው የእርስዎ ነው። ይውረዱና ይጀምሩልን።» መጥረቢያውን ዘረጋለት።

«እኔማ… ጉልበቴን ያመኛል።»

«በቅሎ ላይ ሲወጡስ አላመመዎትም?» አለ ከጓደኞቹ አንዱ፣ ባቻ፣ ከኋላ። ወጣቱ በሳቅ ፈነዳ።

የሞረዳ ፊት ጠቆረ። «እናንተ ደደቦች! ነገ ነቀምቴ ክስ ቢቀርብስ? እኔ እኮ የተከበርኩ ሰው ነኝ!»

ሳቁ ቆመ።

«እኛስ?» አለ ጆቴ ቀስ ብሎ። «እኛን አይከሱንም?»

«እናንተማ ምን አላችሁ?»

ጆቴ ቀና ብሎ አየው፦ የተወለወለውን ጫማ፣ የወፈረውን ጣት፣ በእሳት ለመሞቅ የሌላ ሰው ልጅ የሚማግደውን ሰውዬ። ለዚህ ነው ከሌሊት ጀምሮ መጥረቢያ ስስል የቆየሁት? አለ በልቡ።

«ሥራው ባለቤት የለውም፤ ደቦው ፈርሷል» ሲል ጮኸ። ባቻ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ፣ ለሙሽራ እንደሚነሳ እጅ እየነሳ፣ ወደመጣችበት አዞራት። ወጣቱ በእልልታ ሸኛቸው።

ሸዋርጋ በሩን ከፍቶ ወጣ። «እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ።»

«አያመስግኑኝ፣ ኦቦ ሸዋርጋ» አለ ጆቴ። «እሱ አንዴ ቢመታ ኖሮ ሁለተኛው ምት የእኔ ነበር።»

ዘርፈሽ ይህን ሰምታ ባሏን ወደ ውስጥ ሳበችና በሩን ዘጋችው። ጆቴ አልተቀየማትም። የሞረዳ አሽከሮች ሊመጡ እንደሚችሉ ያውቃልና ጓደኞቹን ጠርቶ፣ ለተዘጋው በር ጀርባቸውን ሰጥተው ደጃፉ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ።