«ጋቢና ነበርኩ» ያሉት ሽማግሌ

ይሄ ነገር የገጠመኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አምቦ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ ነው። የመኪና አደጋ ደርሶ ሰው በመጣ ቁጥር ዛሬም ትዝ ይለኛል።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ከጎጆ ከተማ ድንች ጭኖ ሲመጣ የተገለበጠ የአይሱዙ ጭነት መኪና ተሳፋሪዎችን አመጡልን። እጇ የተሰበረ ሴት ትጮኻለች፤ ሁለት ወጣቶች ፊታቸው ደም በደም ሆኗል። ሹፌሩ ግንባሩ ከመላጡ በቀር ደህና ነው። ኦቦ ቶለራ የሚባሉ ሽማግሌ ደግሞ በእግራቸው ገብተው ጥግ ያዙ። የትራፊክ ፖሊሱም ተከትሎ ገብቶ በሩ ላይ ቆመ።

የእኔ ሥራ ማን ቀድሞ መታየት እንዳለበት መለየት ነው። ታዲያ ቁስሉ ብቻ አይታይም፤ ሰውየው እንዴት እንደተጎዳም ይጠየቃል። ከመኪና ላይ ተወርውሮ የወደቀ ሰው ቆሞ ቢሄድም ሆዱ ውስጥ እየደማ ሊሆን ይችላል።

«አባባ፣ የት ተቀምጠው ነበር?» አልኳቸው።

«ጋቢና። እኔ ደህና ነኝ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ይልቅ እሷን እያት።»

ሴትዮዋን ጠየቅኋት፤ ጋቢና። ወጣቶቹም ጋቢና። ደሜ ፈላ!

«የአይሱዙ ጋቢና እኮ ከነሹፌሩ ሦስት ሰው ነው የሚይዘው! ተደራርባችሁ ነው የመጣችሁት?»

ሁሉም ፖሊሱን ሰረቅ አድርገው ያያሉ። ጭነት ላይ ሰው ማሳፈር ያስቀጣል፤ ሹፌሩ ደግሞ ያገራቸው ልጅ ነው። ማንም አሳልፎ ሊሰጠው አልፈለገም።

ሐኪሙ አንድ ነው። «ማንን ላስቀድም?» ይለኛል። የሴትዮዋ ጩኸት ጆሮ ይበጥሳል፣ ኦቦ ቶለራ ዝም ብለዋል። እሷን ልል አፌን ስከፍት ሹፌሩ ቀደመኝ።

«ሲስተር፣ እሳቸው ጭነቱ ላይ ነበሩ። ስንገለበጥ ተወርውረው ድንጋይ ላይ ነው የወደቁት» አለ። ፖሊሱ ይሰማዋል፤ ሹፌሩም ይህን ያውቃል።

ኦቦ ቶለራ ተቆጡ። «አንተ! ማን ጠየቀህ?»

እሳቸውን አስቀደምን። በአልትራሳውንድ ሲታዩ ሆዳቸው ደም ቋጥሯል፤ ጣፊያቸው ተቀዷል። ትንሽ ብንቆይ ኖሮ አይተርፉም ነበር። እየሮጥን ኦፕሬሽን ክፍል አስገባናቸው። ስመለስ ሹፌሩ የለም፤ ፖሊሱ ይዞት ሄዷል።

ኦቦ ቶለራ ድነው ሲወጡ ባለቤታቸው እጄን ይዘው «ጌታ ይባርክሽ፣ አንቺ ነሽ ያተረፍሽልኝ» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እኔ ጠየቅሁ እንጂ ምን አደረግሁ? ምርቃቱን የተቀበልሁት እኔ፣ የታሰረው ሹፌሩ!

ዛሬ አደጋ ሲመጣ መጀመሪያ ፖሊሱን «እባክህ ውጪ ጠብቀኝ» ብዬ በሩን እዘጋለሁ። በዚህ የተቀየመኝ አለ፤ ይቀየም። ያ ልጅ ግን ማንም በር ሳይዘጋለት ነው የተናገረው። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን እናገር ነበር? እንጃ። እውነቴን ነው፣ እንጃ።