የሙዘይን አባት በረንዳ

ሱዳን፣ ገዳሪፍ አሮጌው ገበያ ውስጥ ቅመም የሚሸጠው ሙዘይን፣ ሰው ሰላም ሲለው እንኳ «ምን ፈልጎ ነው?» የሚል ሰው ነበር። ከፊት ለፊቱ ጨርቅ እሸጥ ስለነበር ጠባዩን አውቀዋለሁ። አይፈረድበትም፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። ፖሊስ ሐበሻውን ሊያፍስ ሲል አስቀድሞ የሚመጣው ጠያቂ ነው። ስለዚህ የእኛ ሰው «እዚህ ስንት ዘመንህ?» ሲባል «እንግዳ ነኝ» ማለት ልማዱ ነው። ሙዘይንም ሱቁ ውስጥ ሸብቶም እንግዳ ነበር።

ከባድሜ ጦርነት ጥቂት ዓመት በኋላ ሳብሪን የምትባል መሐንዲስ ሜትርና ካሜራ ይዛ መጣች። ከተማው አሮጌው ገበያ መልኩን እንዳያጣ ደንብ ሊያወጣ ነው፤ በሩ፣ ቀለሙ፣ በረንዳው እንዴት መሆን እንዳለበት።

«ዛሬ የለካ ነገ ያፈርሳል» አለ ሙዘይን ለሚስቱ ለዘኪያ።

ሳብሪን ግን ዓይኗን ከሱቁ በረንዳ መንቀል አቃታት። ምሰሶዎቹን ጠርቦ ያለ አንድ ምስማር ያጋጠማቸው የሙዘይን አባት ነው፤ ከጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር መጥቶ እዚሁ የሞተ።

«ዐሚ ሙዘይን፣» አለችው እንደ አጎት አክብራ፣ «ይህን ማን ሠራው?»

«ወላሂ አላውቅም። እኔ እንግዳ ነኝ፤ እንዲህ ሆኖ ነው ያገኘሁት።»

ጎረቤቱ ኸሊል ግን ሱዳናዊ ነው፤ ማንን ይፈራል? «አያቴ አናጢ ነበር፤ እሱ ነው የሠራው» አለ ዓይኑን በጨው አጥቦ። እኔ ነደደኝ። ሙዘይን ግን ጥያቄው ከራሱ ስለወረደ ተነፈሰ።

ደንቡ የወጣ ቀን ነጋዴው ተሰብስቦ ተነበበለት። አንድም ሱቅ አይፈርስም። እንዲያውም የመንገዱ በረንዳ ሁሉ «በኸሊል አያት አሠራር» ይታደሳል።

«የሚያርም አለ?» አለች ሳብሪን።

«ተናገር እንጂ!» አለችው ዘኪያ።

«ዝም በይ! ማን አፉን እንደሚከፍት ሊያዩ ነው።»

ኸሊል ምርቃት እየተቀበለ ሄደ። ሙዘይንም ሱቁ ስለተረፈለት ፊቱ በርቶ ወደ ሱቁ አቀና። ዘኪያ ቀድማው በረንዳው ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«አንተ ሰውየ፣ ያስወጡኛል ብለህ አባትህን አስወጣኸው።»