ያልተጻፈልኝ ሕመም

ዛሬ ልደታ ኮንዶሚኒየም የቆመበት መሬት ላይ የእኛ ግቢ ነበረች። የትኛው ብሎክ ሥር እንደቀረች ለማወቅ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ተነስቼ በእርምጃ ስለካ ያየችኝ የጥበቃ ሠራተኛ «አባባ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለችኝ። ምን እላታለሁ? ግቢ ጠፋብኝ አይባል ነገር። ብዙ ቤተሰብ በአንድ የቆርቆሮ በር የሚገባባት፣ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት የምንጋራባት፣ ማን ቤት ምን ወጥ እንደተሠራ ከሽታው የሚታወቅባት ጠባብ ግቢ ነበረች። ስትፈርስ አላዘንኩም። አሁን ነው የምትናፍቀኝ፣ ያውም ከነሽንት ቤቷ።

በደርግ ዘመን፣ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በወጣ ሰሞን፣ እኔ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለሁ፣ እግዜር ሥጋም ጉልበትም ያልነፈገኝ ጎረምሳ ነበርኩ። ከፍርድ ቤቱ ብዙ በማይርቅ አንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት እሠራለሁ። ወንድ ታይፒስት ብርቅ ነበርና ሴቶቹ ባልደረቦቼ «ቀስ በል እንጂ፣ ማሽኑን ልትሰብረው ነው እንዴ? ይሄ እጅ እኮ ለመዶሻ የተፈጠረ ነው» እያሉ ይቀልዱብኛል። እናቴ ግን ቢሮ የሚውል ልጅ አለኝ ብላ ደረቷን ነፍታ ነው የምትሄደው። ከእኔ ሌላ ልጅ አልነበራትም። አባቴን ቀብራ በጉሊት ንግድ ያሳደገችኝ እሷ ነች።

ቀበሌው ወጣቶችን በየዙሩ እየጠራ ይልክ ነበር። ከሰፈራችን በመጀመሪያው ዙር የሄዱት ልጆች ደብዳቤ እየራቀ፣ ኋላም እየጠፋ መጣ። ቀጣዩ ዙር የእኔ እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ የሚናገረው ግን የለም። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ በመንገዱ ባለፈ ቁጥር እናቴ የያዘችውን ይዛ ቀጥ ትላለች። ድምፁ እስኪርቅ እንደዚያው ቆማ ትቆይና ምንም እንዳልሰማች ሥራዋን ትቀጥላለች። ማለዳ ማለዳ ደግሞ ልደታ ትሳለማለች። እዚያ ምን እንደምትጠይቅ ለመገመት ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም ነበር።

አንድ እሑድ የቀበሌዎች ስፖርት ውድድር ላይ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልጆች ጋር ገመድ ጉተታ ገጠምን። ክብደት ስላለኝ የገመዱን ጫፍ ለእኔ ሰጡኝ። እኔም ጀግና ነኝና ገመዱን በግራ ትከሻዬ ላይ አሳልፌ፣ በደረቴ አዙሬ፣ በብብቴ ሥር አወጣሁት። እንዲህ ታስሮ የሚቆም ሰው ካልወደቀ በቀር አይለቅም፤ አልወደቅኩም፣ አልለቀቅኩምም። አሸነፍን። ተሸክመውኝ እየጨፈሩ ግቢያችን በር ድረስ አደረሱኝ። እናቴ እልል ብላ ስታበቃ «ይሄን ያህል ሰው እያየህ ምን አንቀዠቀዠህ?» ብላ ተቆጣችኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቢሮ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። አንድ መስመር ጨርሼ የማሽኑን ሮለር ወደ ቦታው ልመልስ በግራ እጄ ስገፋ፣ ከግራ ጡቴ ሥር አንዳች ነገር ጭምድድ አድርጎ ያዘኝ። ከዚያ ወደ ትከሻዬ ወጣ፣ በክንዴ አድርጎ እስከ ጣቶቼ ወረደ። ትንፋሽ ስስብ ይወጋኛል፤ እጄን ሳነሳ ይብስበታል። ላብ አጠመቀኝ። ከጎኔ የምትሠራው ሴትዮ አንድ ጊዜ አየችኝና «ወይኔ፣ ልብ ነው! አጎቴን እንዲሁ እንደተቀመጠ ነው የወሰደው» አለች። እስከዚያ ድረስ አሞኝ ነበር እንጂ አልፈራሁም። ከዚያ በኋላ ግን ወረቀቱን ማሽኑ ላይ እንደተጀመረ ትቼ ተነሳሁ። ሁለት ባልደረቦቼ ደግፈው ቤቴ አደረሱኝ።

ግቢው ተሰበሰበ። የጎረቤታችን ሴትዮ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አፍንጫዬ ሥር አደረገችው። የአጥሩ ጥግ ቤት እመቤት ደግሞ «ምን ምች አለ፣ ዓይን ነው! ትናንት ያን ሁሉ ሕዝብ እያየ ሲጎትት ጤና ያድራል ብላችሁ ነው?» አለች፤ ሁሉም በዚህ ተስማሙ። የማን ዓይን ሊሆን እንደሚችል ከጠመንጃ ያዥ በኩል እየዘረዘሩ ተከራከሩ። ገመዱ ራሱ ግን አንድም ሰው ትዝ አላለው። እኔንም ጭምር።

እናቴ ከክርክሩ አልገባችም። ፊቷ አመድ መስሎ ትንሽ ቆማ አየችኝና ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳታጣፋ በቆርቆሮው በር ወጣች። ወዴት እንደሄደች ማንም አልጠየቀም። ብዙም ሳትቆይ ተመለሰችና «ተነስ፣ ሆስፒታል እንሄዳለን» አለች።

በውይይት ታክሲ ሄድን። ሰው ትይዩ ተቀምጦ ጉልበት ለጉልበት እየተገፋፋ የሚሄድበት ታክሲ ነው፤ የልብን ለማውራት አይመችም። እናቴ አፏን ጆሮዬ ላይ ለጥፋ በሹክሹክታ «እኔ ነኝ ያመጣሁብህ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ልደታ ማርያምን፣ ብቻ አይውሰዱብኝ እንጂ እንደፈለግሽ አድርጊው ብያት ነበር። እንደፈለግሽ ስላት ይሄን ታደርጋለች ብዬ መቼ አሰብኩ?» እንባዋ አንገቴ ላይ ወረደ። «አሁን ሄጄ ቃሌን አንስቻለሁ። ይውሰዱት፣ ብቻ በጤናው ይሁን ብያታለሁ።»

እኔ በዚያ ሁሉ ሕመም መሀል ሳቄ መጣ። ስስቅ ደግሞ ይወጋኛል፤ ሲወጋኝ አቃስታለሁ፤ ሳቃስት እናቴ ደረቷን ትመታለች። ፊት ለፊታችን የተቀመጡ ሽማግሌ «አይዞሽ ልጄ፣ ወጣት አይደል፣ ይድናል» አሏት። ከዳንኩ ደግሞ ይወስዱኛል፤ ይድናል የሚለውን ቃል ከእሳቸው ስትሰማ ያየሁባትን ፊት እስከዛሬ አልረሳሁትም። እንዲያ አንጀቴን የበላኝ ነገር የለም።

ሐኪሙ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ፣ እንቅልፍ የጠገበ የማይመስል ወጣት ነበር። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጥፎ በማሽን አየኝ፣ አዳመጠኝ፣ ከዚያ አውራ ጣቱን ከጡቴ ጎን የጎድን አጥንቴ ላይ አድርጎ ጫን ሲለው ዘልዬ ከአልጋው ልወርድ ምንም አልቀረኝ።

«ከባድ ነገር ጎትተሃል?»

«ኧረ እኔ ቢሮ ነው የምሠራው» አልኩት፤ ብዬም ሳልጨርስ ገመዱ ትዝ አለኝ። ስነግረው ሳቀ። ጡንቻዬና የጎድን አጥንቴ መጋጠሚያ ተጎድተው እንደሆነ፣ በእረፍት እንደሚለቀኝ አስረዳን። «ልቡ ምንም አልሆነም እናቴ። እኔም እንዲህ ያለ ልብ ቢኖረኝ ደስ ይለኛል» አላት። እናቴ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ የምታውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ጠራች።

ሐኪሙ ዕድሜዬን ሲሰማ ግን ሳቁ ጠፋ። ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ተጠርቷል?» ብሎ ጠየቃት። ገና እንደሆነ ነገረችው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከፈለጉ የልብ ሕመም አለበት ብዬ ልጽፍልዎ እችላለሁ። ይዘው ለቀበሌ ቢያሳዩ አይወስዱትም» አለ።

ልቤ ቀጥ አለ፤ አሁን ነው ሊያመኝ የሚገባው። ያን ሁሉ ማለዳ የተለመነው ነገር እነሆ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ እሺ በሉኝ ይላል።

«በስሙ ላይ ነው የምትጽፈው?» አለች እናቴ።

«አዎ፣ በስሙ ላይ።»

«አይሆንም የኔ ልጅ። ጤነኛ ልጅ ላይ ሕመም አይጠራም። እኔ አንዴ ጠርቼበት ያደረገውን አይቻለሁ።»

«እናቴ፣ ወረቀት እኮ ነው።»

«ወረቀቱን ማን እንደሚያነበው ታውቃለህ አንተ?»

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ይጻፍልኝ ብዬ መጮህ አማረኝ፤ ነገር ግን ጠዋት አመድ መስሎ የነበረው ፊቷ ደም ሲመለስበት እያየሁ ሸሚዜን መቆለፍ ጀመርኩ። መድኃኒት ሰጥቶን ወጣን። እሷ የሆስፒታሉን አጥር ተሳልማ፣ ያልታመመውን ክንዴን ይዛ፣ እንደ ልጃገረድ እየፈጠነች ሄደች። እኔ ግን በጣም ተናድጄባት ነበር።

ደረቴ ከዳነ ብዙም ሳይቆይ ተጠራሁ። ስለ ጦር ሜዳ ከእኔ የተሻለ የሚነግሯችሁ አሉ። እኔ የምናገረው፣ በብርድና በረሃብ መሀል ሐኪሙ የዘጋውን ያን በር ስንት ጊዜ እየከፈትኩ እንደገባሁ ነው። በሐሳቤ ሁሌም ይጻፍልኝ እላለሁ፤ ሁሌም ይጽፍልኛል፤ እኔም ማሽኔ ጋ እመለሳለሁ። እናቴን ናፍቄያት እያለሁ እንኳ ይቅር አላልኳትም ነበር።

መንግሥት ሲለወጥ በእግሬም በመኪናም ልደታ ገባሁ። እናቴ ቧንቧው ጋ ተራ ይዛ ነበር። ጀሪካኗን ጣለች። ጮኸች፣ ፊቴን፣ ጆሮዬን፣ ትከሻዬን ዳበሰች፣ ጣቶቼ ሙሉ መሆናቸውን አየች። ከዚያ ጎረቤት ተሰብስቦ እልልታው ሳያባራ፣ ወደ ቤት ጎትታ አስገባችኝና በሩን ዘግታ የጠየቀችኝ የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው፦

«ያ ዶክተር፣ እዚያ አላገኘኸውም?»

መጀመሪያ ማንን እንደምትል አልገባኝም። ለካ ጥሪው የመጣ ዕለት፣ እኔ ቢሮ ልሰናበት በሄድኩበት፣ ሮጣ ሆስፒታል ሄዳ ኖሯል። ጻፍልኝ ልትለው፣ የፈለገውን ሕመም ይጻፍ፣ ማንም ያንብበው ልትለው። ነርሷ «ዶክተሩ የሉም፤ ግንባር ተልከዋል» አለቻት። በሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ነርሶቹ ለልጇ ብቻ እንዳለቀሰች አስበው አጽናኗት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማለዳ ልደታ ስትሳለም ለሁለት ልጅ ነበር የምትለምነው።

«ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው» አለችኝ፤ «ዝም ብዬ ያንን ልጅ፣ ያንን ልጅ እላታለሁ።»

አላገኘሁትም አልኳት። እሷ ግን እስክትሞት ድረስ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ባገኘች ቁጥር መልኩን እየነገረች መጠየቋን አላቆመችም።